ሰበካ ጉባኤውና የሕንፃ ኮሚቴው ሲጣሉ፦ መጀመሪያ ዕርቅ ነው ወይስ ሒሳብ?

ዘሽምብጥ
እሑድ፣ ከምሽቱ 1፡40

ሰላመ እግዚአብሔር ከሁላችሁ ጋር ይሁን። በዚህ መድረክ በቤተ ክርስቲያን አስተዳደርም በሽምግልናም ብዙ የቆያችሁ አባቶችና እናቶች ስላላችሁ አንድ ጉዳይ ላቅርብ። አጥቢያው እዚሁ ባሕር ዳር ነው፤ ስሙ ይቆየን። አዲስ ሕንፃ ቤተ ክርስቲያን እየተሠራ ነው። የሕንፃ ኮሚቴው የራሱ የባንክ ሒሳብና የራሱ ደረሰኝ አለው። ሰበካ ጉባኤው «ገንዘቡ በቤተ ክርስቲያኑ ሒሳብ ይግባ» ይላል። ኮሚቴው ደግሞ «ምእመኑ የሰጠው ለሕንፃው ነው፣ ለደመወዝና ለሥራ ማስኬጃ አይደለም» ይላል። ሰንበት ትምህርት ቤቱ ወደ ኮሚቴው አጋድሏል፤ ካህናቱ ለሁለት ተከፍለዋል። ከቅዳሴ በኋላ በዐውደ ምሕረት ላይ ቃላት ተወራውረው ሕዝቡ ሳይባረክ ተበትኗል። አሁን አንዳንዱ ሌላ ደብር ሄዶ ማስቀደስ ጀምሯል።

ከየት ይጀመራል? ማንስ ይያዘው?


መሪጌታ ዘዘጌ
እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡05

ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት ጠቡ የምን እንደሆነ ለዩ። የሃይማኖት ጉዳይ ከሆነ አጥቢያ ድምፅ ሰጥቶ የሚወስነው ነገር አይደለም፤ በሀገረ ስብከቱ በኩል ወደ ሊቃውንትና ወደ ቅዱስ ሲኖዶስ ይሄዳል። የሥርዓት ጉዳይ ከሆነ፣ ለምሳሌ በማሕሌት ማን ይምራ፣ የቅዳሴ ተራ እንዴት ይደልደል ከሆነ፣ በአለቃውና በሊቃውንቱ መካከል ያልቃል። የገንዘብና የሥልጣን ጉዳይ ከሆነ ግን መዝገብ ይፈልጋል። ያቀረብከው ሦስተኛው ነው። ችግሩ ሦስተኛው ሁልጊዜ የአንደኛውን ልብስ ለብሶ መምጣቱ ነው። በደረሰኝ የተጣሉ ሰዎች ሳምንት ሳይሞላ «ተሐድሶ» እና «ሌባ» መባባል ይጀምራሉ። ቃሉ አንዴ ከወጣ በኋላ ደረሰኙ ቢገኝ እንኳ ጠቡ አይበርድም። ስለዚህ በመጀመሪያው ስብሰባ «በዚህ ጉዳይ የማንም ሃይማኖት አልተጠየቀም» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር በቃለ ጉባኤ ይጻፍ፤ ሁለቱም ወገን ይፈርሙበት።

ጌታ በማቴዎስ 18፥15-17 ያስቀመጠው መንገድ ሦስት እርከን አለው፦ ብቻ ለብቻ፣ ከዚያ ከአንድ ወይም ከሁለት ሰው ጋር፣ ከዚያ ለቤተ ክርስቲያን። እናንተ ጋ የሆነው ሦስተኛው መጀመሪያ መጣ። በዐውደ ምሕረት የተነገረ ነገር ተናጋሪውን ያስረዋል፤ በሕዝብ ፊት ያለውን በሕዝብ ፊት መመለስ ይከብደዋል። በካህን ላይ የሚቀርብ ክስ ደግሞ በ1ኛ ጢሞቴዎስ 5፥19 ሁለት ወይም ሦስት ምስክር ይፈልጋል። «ሕዝቡ እንዲህ ይላል» ምስክር አይደለም።

አቤቱታ ካስፈለገ እርከኑን ጠብቁ፦ አስተዳዳሪው፣ ሰበካ ጉባኤው፣ ወረዳ ቤተ ክህነት፣ ሀገረ ስብከት። አንድ ደብዳቤ በግልባጭ ለአምስት ቢሮ ሲበተን አምስቱም አንዱ ሌላውን ይጠብቃል፣ መልስም አይመጣም። ደብዳቤው ከአንድ ገጽ አይብለጥ። የሚጠየቀው ነገር አንድ ይሁን፤ ማስረጃው በቁጥር ተያይዞ ይቅረብ፤ ቀሪው ላይ የመዝገብ ቁጥርና ማኅተም ሳይመታ ከቢሮው አትውጡ።

ሌላው፣ በቃለ ዓዋዲው፣ ማለት በሰበካ ጉባኤ መተዳደሪያ ደንቡ፣ የሰበካ ጉባኤው ሰብሳቢ አስተዳዳሪው ናቸው። ራሳቸው የጠቡ ወገን ከሆኑ ግን በዚያ አጀንዳ ላይ ምክትላቸው ቢመሩ ለክብራቸውም ይበጃል። ይህን በአክብሮት የሚነግሯቸው ሽማግሌ ይሁኑ፣ ወጣት አይላክባቸው።


ሒሳብ ሹም
ሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡20

የመሪጌታን ሐሳብ ተቀብዬ ወደ ገንዘቡ ልግባ።

ሁለቱም ወገን የያዘው ግማሽ እውነት አለው። ለሕንፃ የተሰጠ ገንዘብ ለሕንፃ ብቻ መዋል አለበት፤ ሰጪው ያሰበበት ነገር አለ። በሌላ በኩል ከቤተ ክርስቲያኑ ሕጋዊ ደረሰኝ ውጭ የሚሰበሰብ ገንዘብ አይኖርም። ስለዚህ የተለየው የባንክ ሒሳብ ይቆይ፣ ግን በደብሩ ስም ይሁን። ሦስት ፈራሚ ይኑረው፣ አንዱ ከሰበካ ጉባኤው፣ አንዱ ከኮሚቴው፣ አንዱ ገንዘብ ያዡ፤ ወጪ ያለ ሁለት ፊርማ አይውጣ፣ ከሁለቱ አንዱ የግድ የሰበካ ጉባኤው ይሁን። ኮሚቴው ያሳተመው ደረሰኝ ከዛሬ ጀምሮ ይቁም፤ በእጁ ያለውን ያስረክብ።

ብዙ ቦታ ነገር የሚበላሸው በዚሁ ርክክብ ነው። ጥራዝ በጥራዝ፣ ከቁጥር እስከ ቁጥር ይመዝገብ፦ የተሠራበት፣ የተበላሸ፣ ያልተነካ። የተበላሸው ከነቀሪዎቹ ተያይዞ ካልተገኘ «ተበላሸ» አይባልም። ጉድለት አብዛኛውን ጊዜ ስርቆት አይደለም። በንግሥ ቀን ለአስተባባሪዎች የታደለ ጥራዝ ሳይመለስ ይቀራል፤ ሰውየው አዲስ አበባ ሄዷል፤ ጥራዙ ቤቱ ሣጥን ውስጥ ነው። «ገንዘብ ጠፋ» ከመባሉ በፊት ጥራዙ የተሰጠው ለማን እንደሆነ ስም ዝርዝሩ ይውጣ።

ዕቃውም እንዲሁ። ስሚንቶ በኩንታል፣ ፌሮ በቤርጋ፣ የገባ፣ የወጣ፣ የቀረ። በክረምት እርጥበት መትቶት የደረቀ ስሚንቶ ካለ በቃለ ጉባኤ «ከጥቅም ውጭ» ተብሎ ይጻፍ። አፍሮ የሚደብቀው ሰው በኋላ ሸጠው ይባላል።

ሙዳየ ምጽዋት አከፋፈት ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የሐሜቱ ሁሉ ምንጭ እዚያ ነውና። ሣጥኑ ሦስት ቁልፍ ይኑረው፣ በሦስት ሰው እጅ። ቀኑ አስቀድሞ ይነገር። ጠረጴዛው በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ መሐል ይሁን፤ ቆጣሪዎች ቦርሳቸውንና ነጠላቸውን ውጭ ይተዉ፤ ሁለት ሰው የቆጠረውን ሌላ ሁለት ሰው ሳያይ ደግሞ ይቁጠረው። ወረቀቱ ላይ በድምር ብቻ አይጻፍ፣ በየዓይነቱ ይጻፍ። ለምሳሌ ባለ 200 ብር 37 ቅጠል፣ 7,400፤ ባለ 100 ብር 112 ቅጠል፣ 11,200፤ ባለ 50 ብር 86 ቅጠል፣ 4,300፤ ባለ 10 ብር 340 ቅጠል፣ 3,400፤ ባለ 5 ብር 58 ቅጠል፣ 290፤ የ1 ብር ሳንቲም 61። ጠቅላላው 26,651። ሁለቱ ቆጠራ ካልተገጣጠመ የትኛው ዓይነት ላይ እንደተለያየ ወዲያው ይታያል፣ ያን ብቻ ደግሞ መቁጠር ነው። በድምር ብቻ ከተጻፈ ግን ሁሉም እንደገና ይቆጠራል፤ ሰው ይደክማል፣ «ተወው ይለፍ» ይባላል፣ ከዚያ ሐሜቱ ይጀምራል። ደረሰኙ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ይቆረጥ። ገንዘቡ ባንክ በሚከፈትበት በመጀመሪያው ቀን ይግባ፣ የባንኩ ወረቀት ከቆጠራው ወረቀት ጋር ይሰፋ።

ስለዚህ ለጥያቄው መልሴ፦ መጀመሪያ ሒሳብ። ሳይጣራ «ተሳሳሙ፣ ይብቃ» ከተባለ ቁስሉ ከላይ ብቻ ይጠግጋል፣ በሚቀጥለው ንግሥ ያመረቅዛል።


ወለተ ኪዳን
ሰኞ፣ ከቀኑ 7፡30

ወንድማችን ሒሳብ ሹም የጻፉት ሁሉ ትክክል ነው፣ በመጨረሻው መስመር ግን አልስማማም። በጠብ መሐል ሒሳቡ የሚከፈትበት ሰው ሌባ የተባለ ነው የሚመስለው። ደረሰኙን ያስቀራል፣ ወይም «እንግዲያው ራሳችሁ ሥሩት» ብሎ ይወጣል። ያን ጊዜ የሚጣራ ነገርም አይገኝም። መጀመሪያ የቃል ዕርቅ፣ ከዚያ ሒሳብ፣ ከዚያ ሙሉው ዕርቅ።

የቃል ዕርቅ የምለው አንድ ቀን የሚወስድ ነው። ሁለቱ ወገኖች ማጣራቱ እስኪያልቅ በዐውደ ምሕረትም በስልክም ስለ ጉዳዩ እንደማይናገሩ በሽማግሌ ፊት ቃል ይሰጣሉ፤ የቃላት ስድብ የተናገረ ስለዚያ ቃል ብቻ ይቅርታ ይጠይቃል። ስለ ገንዘቡ ማንም ይቅርታ አይጠይቅም፣ ገና አልታወቀምና።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ወይም አምስት ይሁኑ። ሁለቱም ወገን የተስማሙባቸው፣ ከደብሩ ደመወዝ የማይቀበሉ፣ በሕንፃው ሥራ ጨረታ ወይም አቅርቦት ውስጥ ዘመድ የሌላቸው። የአንዱ ወገን የንስሐ አባት ዳኛ ሆነው አይቀመጡ። እሳቸው በንስሐ የሰሙት ነገር አለ፤ ቢናገሩ ምሥጢር ይወጣል፣ ዝም ቢሉ ያዳሉ ይባላሉ። የእሳቸው ድርሻ ልጃቸውን ለዕርቅ ማዘጋጀት ነው፣ ያም ትልቅ ሥራ ነው። በጽዋ ማኅበርና በእናቶች መካከል የገባ ቅሬታ ካለ ደግሞ ከሽማግሌዎቹ አንዷ እናት ትሁን። ሁልጊዜ የሚረሳው ይህ ነው፤ ወንዶቹ ታርቀው እናቶቹ ሰላምታ ሳይለዋወጡ ይከርማሉ።

መጀመሪያ እያንዳንዱን ወገን ለብቻ ስሙ። ከዚያ የአንደኛውን ቅሬታ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጽፋችሁ ለሌላው አንብቡለት፤ «አዎ፣ ቅሬታቸው ይህ ነው» እስኪል ድረስ። ይህ ሳይሆን ፊት ለፊት ከተገናኙ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሌላው ባላለው ነገር ይከራከራሉ።

ቀኑንም አስቡበት። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ስብሰባ አትጥሩ። ሰው ጾሙን ነው፣ ደክሞታል፣ ልጅ ይዟል። ዲድስቅልያ፣ የቤተ ክርስቲያን የሥርዓት መጽሐፍ፣ ችሎት ሰኞ ይሁን የሚለው በምክንያት ነው፦ በፍርዱ ያልተስማማ ካለ እስከ ሰንበት ድረስ የማስታረቂያ ቀን ይተርፋል። እኛም ሰኞ ከሥራ መልስ ብንቀመጥ እስከ እሑድ ስድስት ቀን አለን።


ሒሳብ ሹም
ሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡10

እኅታችን ወለተ ኪዳን፣ ስለ ቃል ዕርቁ ተቀብያለሁ፤ «መጀመሪያ ሒሳብ» ያልኩትን አስተካክላለሁ። አንድ ነገር ግን ይጨመርበት፦ ማጣሪያው የተቆረጠ ቀን ይኑረው። ለአንድ አጥቢያ ሕንፃ ሒሳብ 30 ቀን ይበቃል። ቀን ያልተቆረጠለት ማጣሪያ አያልቅም፤ ዝም የተባለው ሁሉ «አፈኑት» ይሆናል።

አጣሪዎቹም ከሁለቱም ወገን ይኑሩ፣ በተለይ ከሚያጉረመርሙት። በሐዋርያት ሥራ 6 በዕለቱ አገልግሎት መበለቶቻቸው ተዘነጉ ብለው ያጉረመረሙት ከግሪክ አገር የነበሩት አይሁድ ናቸው፤ የተሾሙት የሰባቱም ስም የግሪክ ስም ነው። ያጉረመረመው ወገን ማዕዱን እንዲያገለግል ተደረገ። ተጠራጣሪውን መዝገቡ ፊት ማስቀመጥ ከሁለት ስብከት ይበልጣል።


የፔዳው
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 4፡00

ስለ ቴሌግራም ማንም አላነሳም፤ ዛሬ ጠብ የሚባዛው እዚያ ነው። የአጥቢያው ግሩፕ አይዘጋ። ከተዘጋ በሰዓቱ ሁለት አዳዲስ ግሩፖች ይከፈታሉ፣ የየወገኑ። ይልቅ ለ30 ቀን አስተያየት መስጫው ብቻ ይዘጋ፤ በየሳምንቱ ማክሰኞ አንድ ማስታወቂያ ይውጣ፦ «በዚህ ሳምንት ከጥራዝ ይህን ያህሉ ተጣራ፣ ይህን ያህሉ ቀረ»። አዲስ ነገር ባይኖርም «አዲስ ነገር የለም» ተብሎ ይውጣ። ዝምታውን ወሬ ነው የሚሞላው። የስብሰባ ድምፅ መቅዳት ደግሞ በግልጽ ይከልከል። ከሁለት ሰዓት ንግግር የ20 ሰከንድ ቁራጭ ብቻ ነው የሚዞረው።

በፔዳና በፖሊ፣ በዩኒቨርሲቲው ግቢዎች፣ በተማሪዎች ግቢ ጉባኤ ያላችሁ፣ ከአጥቢያው ጋር የገባችሁት ስምምነት ካለ በጽሑፍ ይሁን። ተማሪ በአራት በአምስት ዓመት ይመረቃል፤ የቃል ስምምነቱም አብሮት ይሄዳል፤ አዲሱ ተማሪ አዳራሹን በማን ፈቃድ እንደሚጠቀም አያውቅም፣ ጠቡ ከዜሮ ይጀምራል።


የወንጌል አገልጋይ
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 9፡15

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ከወንጌላውያን አማኞች ወገን ነኝ፤ አደረጃጀታችን ቢለይም መቃቃሩ ተመሳሳይ ስለሆነ አጭር ነገር ልጨምር። በእኛ ዘንድ ክፍፍል ብዙ ጊዜ የሚነሳው በመጋቢውና በሽማግሌዎች ቦርድ መካከል ነው፤ ወደ ጠቅላላ ጉባኤ ሲሄድም የሚያጣላው የአባላት መዝገብ ነው። ማን ድምፅ አለው? መዝገቡ ከጠቡ በፊት ካልተስተካከለ በጠቡ መሐል የሚደረግ ማስተካከያ ሁሉ ሰው መሰብሰብ ይመስላል። ስለዚህ ድምፅ የሚሰጠው ጠቡ ከመነሳቱ በፊት በነበረው መዝገብ ይሁን። በ51 ለ49 ያለፈ ውሳኔም አሸናፊ እንጂ ኅብረት አያመጣም፤ በእንዲህ ያለ ነገር ሁለት ሦስተኛ ካልተገኘ ጉዳዩን ወደ ሽማግሌ መመለስ ይሻላል።


ከደቅ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡00

መሪጌታ፣ በገዳማቱስ? በጣና ደሴቶች ጎብኚ የሚከፍለው የመግቢያ ገንዘብና የንዋያተ ቅድሳቱ ጉዳይ ማኅበረ መነኮሳቱን ከአካባቢው ምእመን ጋር ሲያነካካ ይታያል። እዚያም ይኸው ነው የሚሠራው?


መሪጌታ ዘዘጌ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡30

ገዳም የሚተዳደረው በአበምኔቱና በማኅበሩ ነው፤ የአጥቢያ ልማድ እንዳለ አይጫንበትም። በገዳም ውስጥ የተነሳ ነገር በማኅበሩ ጉባኤ ያልቃል፤ ከውጭ የሚገባ ሽማግሌ አበምኔቱ ሲጠሩት ብቻ ነው። እንደ ዳጋ እስጢፋኖስና ክብራን ገብርኤል ሴቶች የማይገቡባቸው ደሴቶች ላይ እናቶችም የሚገኙበት ሽምግልና ከሆነ ባሕር ዳር ወይም በየብሱ ዳርቻ ይደረግ። ያለዚያ ግማሹ ወገን ሳይሰማ ውሳኔ ይወጣል።

ለሽማግሌዎች ደግሞ፦ በጠዋት ተሻገሩ። ጣና ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳበታል፤ ጀልባ ነጂው «እንሂድ፣ ማዕበል ሊመጣ ነው» ሲል ሽማግሌው ሁሉ ይነሳል፣ ጉዳዩም በግማሽ ይቀራል። በግማሽ የቀረ ሽምግልና ካልተጀመረው ይከፋል፤ አንዱ ወገን ተናግሮ ሌላው ሳይናገር ነውና።

የመግቢያው ገንዘብ፦ ቲኬቱ በተከታታይ ቁጥር ይሁን። ስንት ጎብኚ ገባ የሚለው በቲኬቱ ቀሪ እንጂ በጀልባ ነጂው ቃል አይረጋገጥ። የንዋያተ ቅድሳቱ ዕቃ ቤት በአንድ ሰው ቁልፍ አይከፈት። የብራና መጻሕፍቱ ዝርዝር የገጽ ብዛት፣ የሥዕሉ ቁጥርና የሽፋኑ ዓይነት ይኑረው። «አንድ ተአምረ ማርያም» ብቻ ተብሎ ከተመዘገበ ጥሩው ወጥቶ ተራው ቢተካ በመዝገቡ አይታወቅም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በጽኑ ልናገር። ቅርስ ከጠፋ ሽምግልና የለም። ቅርስን የሚመለከት አዋጅ ቁጥር 209/1992 አለ፤ ለፖሊስና ለሀገረ ስብከቱ በዚያው ቀን ይነገር። በልጅ ላይ የደረሰ ጥቃትም እንዲሁ። «የቤተ ክርስቲያን ስም እንዳይነሳ» ተብሎ እንዲህ ያለ ነገር በሽማግሌ ሲሸፈን የሚጠበቀው በዳዩ ነው። 1ኛ ቆሮንቶስ 6 የሚከለክለው ወንድማማች በገንዘብና በኑሮ ነገር ተካሶ በማያምኑ ፊት መቆሙን ነው፤ ወንጀል መደበቂያ አልተደረገም።


ዘሽምብጥ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡20

እግዚአብሔር ይስጥልን፤ ሁሉንም እየጻፍኩ ነው። ሁለት ነገር ቀረኝ። አንደኛ፣ አንዱ ወገን «አልቀመጥም» ቢልስ? ሁለተኛ፣ ሌላ ደብር የሄዱት ሰዎች እንዴት ይያዙ?


ወለተ ኪዳን
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡45

አልቀመጥም ላለ ሰው ሦስት ጊዜ ይላካል፣ በሦስት የተለያየ ሰው፤ መጀመሪያ ጓደኛው፣ ቀጥሎ የንስሐ አባቱ፣ በመጨረሻ ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ቤቱ ይሄዳሉ። በመሐሉ ቢያንስ ሦስት ቀን ይኑር። በደብዳቤ ብቻ አትጥሩት። በሐዋርያት ሥራ 15 የኢየሩሳሌም ጉባኤ ደብዳቤ ጽፎ አልተወም፤ ያንኑ በቃል የሚናገሩ ይሁዳንና ሲላስን አብሮ ላከ። ደብዳቤ ጥያቄ አይመልስም፣ ሰው ይመልሳል። በሦስተኛውም እምቢ ካለ ማጣራቱ ያለ እሱ ይቀጥል፣ የሱ ወንበር ግን አይሰጥ፤ በቃለ ጉባኤው «ተጠርተው አልተገኙም» ብቻ ይጻፍ፤ «አሻፈረኝ አሉ» አይባል። ሲመለስ የሚያነበው እሱ ነው።

ሌላ ደብር የሄዱትን አትከታተሏቸው፣ ግን ጠይቋቸው። ለቅሶና ሕመም ሲኖር ከሁለቱም ወገን ሰው ይሂድ። ከሰበካው መዝገብ ስማቸው አይሰረዝ። ጳውሎስና በርናባስ በማርቆስ ምክንያት ተለያይተው ነበር፤ በመጨረሻው መልእክቱ ግን «ለአገልግሎት ብዙ ይጠቅመኛልና ማርቆስን ይዘኸው ና» ያለው ያው ጳውሎስ ነው።

ሙሉው ዕርቅ በደረሰ ጊዜ ደግሞ ሦስት ነገር በአንድ ወረቀት ይሁን፦ ማን ስለ ምን ይቅርታ እንደጠየቀ፣ ጉድለት ከተገኘ ማን በስንት ጊዜ እንደሚተካ፣ ከእንግዲህ ደረሰኙና ፊርማው በማን እንደሚሆን። በ2010 ዓ.ም. ሐምሌ ለሁለት ተከፍሎ የቆየው ሲኖዶስ አንድ ሲሆን የተደረገውን አስተውሉ፤ ቃለ ውግዘቱ ተነሳ፣ የሁለቱም ፓትርያርኮች ስም በቅዳሴ እንዲጠራ ተደረገ፣ አንዱ በጸሎትና በቡራኬ ሌላው በአስተዳደር ተብሎ ድርሻው ተለየ። በደፈናው «ታርቀናል» አልተባለም፤ ነገ ጠዋት ማን ምን እንደሚሠራ ተጻፈ።

ከተቻለ ከነሐሴ 1 በፊት ይለቅ። ፍልሰታ ሲገባ ትንሹም ትልቁም ሊቆርብ ይመጣል። ዲያቆኑ «ተአምኁ በበይናቲክሙ በአምኃ ቅድሳት»፣ በተቀደሰ ሰላምታ እርስ በርሳችሁ ተሳለሙ፣ ሲል የኮሚቴው ሰብሳቢና የሰበካ ጉባኤው ጸሐፊ አንዱ በሰሜን በር ሌላው በደቡብ በር ቆመው ፊታቸውን ካዞሩ፣ ሕዝቡ ከወረቀቱ ይልቅ እሱን ነው የሚያነበው።


ሒሳብ ሹም
ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 2፡00

ከቆጠራው የረሳሁት አለ። ሣጥኑ ሲከፈት የተቀደደ ብር፣ የውጭ አገር ገንዘብ፣ የአንገት ሐብል፣ ቀለበት ይገኛል። እነዚህ «በኋላ» ተብለው ለብቻ ይቀመጡና በዚያው ይረሳሉ፤ ቀለበቷን በስለት የሰጠች እናት ግን አትረሳም። በዚያው ወረቀት ጀርባ፣ በዚያው ሰዓት ይመዝገቡ፦ ወርቁ «ወርቅ መሰል ቀለበት፣ 1» ይባል እንጂ ሳይመዘንና ሳይፈተን «ወርቅ» አይጻፍ። ታሽጎ፣ ሦስቱ ባለ ቁልፎች በማሸጊያው ላይ ፈርመው ለንብረት ክፍል ይግባ። የተቀደደውን ብር ደግሞ ገንዘብ ያዡ ባንክ ወስደው ያስቀይሩ፤ ያልተቀየረው በቁጥር ይመለስ።